እስከ አሥር ይቆጥራል፣ ውሃ ግን አይልም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። እስካሁን አፉን በደንብ አልፈታም። እማ፣ አባ፣ እምቢ፣ ቡዋ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ አሥር የማይሞሉ ቃላት ብቻ ናቸው ያሉት። የሚገርመው በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል፣ ቀለማትም ይጠራል። ከዩቲዩብ ነው የለመደው። ውሃ ሲጠማው ግን “ቡዋ” እንኳ ሳይል እጄን ጎትቶ ፍሪጅ ጋ ይወስደኛል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ቀኑን የሚውለው ከሞግዚቷ ጋር ነው። እሷ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ይቀናታል። ስልክ ካልተሰጠው ምግብ አይበላም። እናቴ “ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ወንድምሽም 3 ዓመት እስኪሞላው ዝም ብሎ ነበር፣ ተይው” ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ “ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው፤ ሞግዚቷ ኦሮምኛውን ታቁም፣ እኛም በእንግሊዝኛ ብቻ እናናግረው” ይላል። መስከረም ላይ ኬጂ ብናስገባውስ ከልጆች ጋር ሲሆን ይናገር ይሆን? ልጠብቅ ወይስ ልጨነቅ? እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ዝም ብለሽ አትጠብቂ። እንቅልፍ እስክታጪ መጨነቅም አያስፈልግሽም። በዚህ ወር ውስጥ የልጅሽን ጆሮ አስመርምሪ። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ልጁ ሲናገር የሚመልስለት ሰው እንዲኖር አድርጊ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ ይመጣል።

እውነቱን እንነጋገር። ልጅሽ ዘግይቷል። አንድ ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው ቢያንስ ሁለት ቃል አገጣጥሞ “እማ ነይ”፣ “ሌላ ዳቦ”፣ “አባ ሄደ” ማለት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። 2 ዓመት ተኩል ሲሆነው ወደ 50 የሚጠጉ ቃላት ይኖሩታል። ያንቺ ልጅ 2 ዓመት ተኩል ሊሞላው የቀረው 2 ወር ነው። ቁጥሮቹንና ቀለማቱን ብንደምርለት እንኳ 50 አይሞላም።

ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። በ2 ዓመት ዕድሜ ከ10 ልጆች አንዱ፣ ምናልባትም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው፣ ንግግሩ ይዘገያል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸውም እውነት ነው። ስለዚህ እናትሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። ችግሩ የትኛው ልጅ በራሱ እንደሚደርስና የትኛው እርዳታ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለይቶ መናገር የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። ወንድምሽ በ3 ዓመቱ ተናገረ፣ እሰየው። “ይዘገያል፣ ተዉት” ሲባል ቆይቶ በ5 ዓመቱ ጆሮው እንደማይሰማ የታወቀ ልጅም አለ። የእንደዚህ ያሉ ልጆች ወላጆች ለሕክምናው የሚያወጡት ገንዘብ አያስጨንቃቸውም። የሚያንገበግባቸው ያለፈው ጊዜ ነው።

ጆሮ ይቀድማል ያልኩሽ ለዚህ ነው። “ይሰማል እኮ፣ የስልኩን ዘፈን ከሌላ ክፍል ሰምቶ ይሮጣል” ትዪኝ ይሆናል። ልጅ ግን አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን ላይሰማ ይችላል። በር ሲንኳኳ፣ ሙዚቃ ሲከፈት፣ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ዞር የሚል ልጅ “ስ”፣ “ፍ”፣ “ት” የሚባሉትን ቀጫጭን ድምፆች ላይለይ ይችላል። እነዚህ ከጠፉበት ሰው ሲያወራ ቢሰማም ቃሉን አይይዘውም። ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ልጆችም አሉ። ብዙ ጊዜ አያማቸውም፣ አያተኩሳቸውም። ግን ለሳምንታት ጆሯቸው እንደተደፈነ ይሰነብታል። እኛ አገር ደግሞ ሕፃናት ሲወለዱ የመስማት ምርመራ በየሆስፒታሉ አይደረግላቸውም። የልጅሽን ጆሮ ከተወለደ ጀምሮ ማንም አላየው ይሆናል።

ሕፃናት ሐኪሙ ጋ ሂጂና ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ሪፈር ይጻፍልሽ። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ክፍሉ አላቸው፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። የማይናገር ልጅ እንዴት ይመረመራል ብለሽ አትስጊ። ልጁ ተኝቶ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ሽቦዎች ይለጠፋሉ፤ አንጎሉ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ መሣሪያው ያነባል። አያምም። “ገና ነው፣ 3 ዓመት ሲሞላው አምጪው” የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ በትህትና፣ ግን ጠንከር ብለሽ “ጆሮው ይታይልኝ” በይ። አትፈሪ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ልጅሽን ልብ ብለሽ እዪው። ከኋላው ሆነሽ ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል? አውሮፕላን ሲያልፍ ወይም ድመት ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ “አየሽ?” በሚል ዓይን ያይሻል? መጫወቻውን አምጥቶ ያሳይሻል? ባዶ ሲኒ ይዞ ቡና የሚጠጣ ይመስል ይጫወታል? በእጅሽ ምንም ሳትጠቁሚ “ጫማህን አምጣ” ስትዪው ይገባዋል? እኔ ከቃላቱ ቁጥር ይልቅ እነዚህን ነው የማየው። የሚገባው፣ የሚጠቁምና የሚያሳይ ልጅ ከሆነ ንግግሩ ይመጣል የሚለው ተስፋ ትልቅ ነው።

እጅሽን ጎትቶ ፍሪጅ ጋ የሚወስድሽንም ነገር በደንብ እዪው። ዓይን ዓይንሽን እያየ፣ ፍሪጁን በጣቱ እያሳየ ከሆነ ቃል ያጠረው ልጅ የፈጠረው ዘዴ ነው። ፊትሽን ዞር ብሎም ሳያይ እጅሽን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ግን፣ ስሙም ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ወይም ድሮ ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ ጊዜ ሳትፈጂ የልጆችን እድገት የሚከታተል ሐኪም ጋ ውሰጂው። ያኔ ኦቲዝም ስለመኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ከደብዳቤሽ ብቻ ተነስቼ አለበትም የለበትምም አልልም። ቃሉ ግን አያስፈራሽ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። እነዚህ ቦታዎች ብዙ ወላጆችን አይተዋል። ልጅ በ2 ዓመቱ የሚያገኘው እርዳታ በ6 ዓመቱ ከሚያገኘው ብዙ ይለያል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ልጁ ይቆጥራል፣ ቀለም ይጠራል፣ ውሃ ግን አይልም የሚለውን ነው። ዩቲዩብ ቃላት ሰጥቶታል። ቃል ምን እንደሚሠራ ግን ሊያሳየው አይችልም። ልጁ “ሰማያዊ” ሲል ስልኩ አይስቅለትም፣ ሰማያዊውን ኳስ አንስቶ አያቀብለውም፣ “ሰማያዊ አይደለም፣ ቀይ ነው” ብሎ አይከራከረውም። ልጅ አፉን የሚፈታው ድምፁ ሰውን እንደሚያንቀሳቅስ ሲያይ ነው። “ቡዋ” ሲል ውሃ ሲመጣ፣ “እምቢ” ሲል ማንኪያው ሲቆም፣ “እማ” ሲል እማ ዞር ስትል። ለልጅሽ ቃል የሚሰጠው ሞልቷል። ከእሱ የሚቀበለው ነው ያነሰው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ላይ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ አንድ ነገር ሞከሩ። 9 ወር የሆናቸውን አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ አስደመጧቸው። አንዱን ቡድን ቻይንኛ ተናጋሪዎች አብረው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፍ እያነበቡላቸውና አሻንጉሊት እያሳዩ አጫወቷቸው። ሌላው ቡድን እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ጨዋታ በቴሌቪዥን አየ። 12 ጊዜ እንዲህ አደረጉ። ከሰው ጋር የተጫወቱት ሕፃናት እንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉትን የቻይንኛ ድምፆች ለዩ። በቴሌቪዥን ያዩት ግን ቻይንኛ ጨርሶ ሰምተው ከማያውቁት አልተሻሉም። ተናጋሪዎቹ ያው፣ ቃሉም ያው ነበር። ስክሪኑ ግን ሕፃኑን አያየውም፣ አይመልስለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ባያይ ይመረጣል ይላል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ልጅሽ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያይ አልጻፍሽልኝም። ስልክ ካልያዘ የማይበላ ልጅ ግን ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስና እራት ሲደመር ለምግብ ብቻ ከ1 ሰዓት ያልፋል።

ስለዚህ ከምግቡ ጀምሪ። ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ ልቆይ፣ ምክንያቱም በቀን ውስጥ ልጅና አሳዳጊ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ዋናው ሰዓት እሱ ነው። ስልክ መሃል ሲገባ ልጁ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ አፉን ብቻ ይከፍታል። ምን እንደበላ አያውቅም። እንደጠገበም አይናገርም። አጉራሹም ዝም ይላል።

በእራት ጀምሪ፣ አንቺ ቤት ስላለሽ። የመጀመሪያውን ትግል ለሞግዚቷ አትተዪው። ስልኩን ከዓይኑ አርቂ፣ ያንቺንም የባለቤትሽንም ጭምር። አንድ ትሪ ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉ። በእጁ ይብላ፣ ልብሱ ወጥ ይንካው፣ ይታጠባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለቅሳል፣ ከወትሮው ያነሰም ይበላል። ጤነኛ ልጅ ራሱን በረሃብ አይቀጣም። ክብደቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚያውቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሪ።

ጉርሻውን ጠቅልለሽ አፉ አጠገብ አድርሺና ቆም በይ። ዓይንሽን እስኪያይ ጠብቂ። “አአ” ካለ፣ ፈገግ ካለ፣ እጁን ከዘረጋ ተናግሯል ማለት ነው። “እንካ! ሀም! ድንች ነው። ይጣፍጣል?” በይው። ቀጥለሽ “ሌላ? ሌላ ልስጥህ?” ብለሽ እንደገና ቆም በይ። ሁለት ነገር አሳይተሽ “ድንች ወይስ ካሮት?” በይው። በእጁ ቢያሳይሽ “ካሮት! ካሮት ፈለግህ። እንካ ካሮት” በዪና ስጪው። ሲያንገራግር “በቃህ? በቃኝ በል። በቃ!” አንዲቱ “ካሮት” ስንት ጊዜ እንደተባለች እዪ። ልጁ የሚፈልገው ይህንን መደጋገም ነው።

ቆም በይ ያልኩሽን ደግሜ ልበለው፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። እኛ ትልልቆቹ ዝምታ አንችልም። “ውሃ ትፈልጋለህ? አዎ? ጠምቶሃል አይደል? ቆይ ላምጣልህ” ብለን ጠይቀንም መልሰንም እንጨርሳለን። ልጁ ተራ አልደረሰውም። ጠይቂውና በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ዓይንሽን ከፊቱ አታንሺ። ወሬ ኳስ መቀባበል ነው፤ አንቺ መትተሽ አንቺው ከተቀበልሽ ልጁ ምን ይጫወታል? የመለሰልሽ ነገር ቃል ባይሆንም፣ ጉርምርምታም ቢሆን፣ እንደ ቃል ተቀበዪው።

አንድ ነገር ግን አታድርጊ። “ውሃ ካላልክ አልሰጥህም” አትበዪው። ይህን የሚመክሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጠማው ልጅ ትምህርት አይገባውም፣ ይናደዳል እንጂ። ትንሽ ጠብቂው፣ ካላለ አንቺ በዪለትና ስጪው። እንግዳ ሲመጣም “እስኪ ለአክስትህ ቁጠርላት፣ ይሄ ምንድነው በል” እያላችሁ አታስጨንቁት። የሚፈተን ልጅ ዝም ማለትን ይማራል።

ሲናገር ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ጨምሪለት። “ኳስ” ሲል “ኳስ ወደቀ”፣ “እማ” ሲል “እማ መጣች” በዪው። “ጫማ”ን “ታማ” ቢለው አትሳቂበት፣ “እንዲህ በል” ብለሽም አታርሚው። “አዎ፣ ጫማህ! ጫማህን እናድርግ” ብትዪ ትክክለኛውን ይሰማል። “ቡዋ” ማለቱም ምንም ጥፋት የለበትም፤ አንቺ “ውሃ” እያልሽ መልሺለት። አንቺን “ነይ” ማለት ሲገባው “ና” ቢልሽም አይግረምሽ፣ ሰው እሱን ሲጠራው የሚሰማው “ና” ነዋ። “ር” ዘግይታ እንደምትመጣም እወቂ።

“መቼ ጊዜ አለኝ?” ትዪ ይሆናል። ገብቶኛል። ማታ 1 ሰዓት ደክሞሽ ትገቢያለሽ፣ እሱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ይተኛል። እኔ ሌላ ሰዓት ጨምሪ አልልሽም። ገላውን ስታጥቢው፣ ልብሱን ስትቀይሪለት፣ ስታስተኚው የምታደርጊውን በአፍሽ ተናገሪው። “እጅህን አምጣ። ያኛውስ? የታለ እግርህ? ይኸው!” በአጫጭሩ፣ በዝግታ፣ ድምፅሽን ዜማ አስይዘሽ። በሕፃን ድምፅ ማናገር ያበላሸዋል የሚሉትን አትስሚ። ልጆች ጆሯቸውን የሚሰጡት እንደዚያ ላለ ድምፅ ነው።

ካርድና ውድ መጫወቻ አትግዢ። ያደግንባቸው ጨዋታዎች በቂ ናቸው። “ኩኩሉ” ብለሽ ተደበቂ፣ “አልነጋም” የሚለውን ባለቤትሽ ከልጁ ጋር ሆኖ ይመልስ። ጥቂት ቀን ቆይቶ “አል…” ብሎ ያቁም፣ ልጁ ይሞላው እንደሆነ ይጠብቅ። እሹሩሩም ላይ እንዲሁ አድርጊ፤ “እሹ…” ብለሽ ዝም በይ። መጀመሪያ ያይሻል። ቀጥሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። “እንካ” እና “ስጠኝ” እየተባባላችሁ አንዲት ማንኪያ ስትቀባበሉ ማምሸት ትችላላችሁ። እነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ተራ አላቸው፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል።

እሑድ ቡና ሲፈላ አጠገብሽ ቁጭ አድርጊው፣ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ። ቡናው ሲታጠብ “ውሃ”፣ ሲቆላ “ጭሱ! ሸተተህ?”፣ ሲወቀጥ “ዱቅ ዱቅ”፣ ጀበናው ሲንተከተክ “ትኩስ ነው፣ እፍ!” ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለልጅ ብዙ ቃል ያዘለ ነው። ታክሲ ስትሳፈሩም እቅፍሽ ውስጥ ሆኖ ረዳቱን ይስማው። “ወራጅ አለ!” የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገራቸው የሆነ ልጆች አውቃለሁ።

መጽሐፍ ካገኘሽ ሥዕል ያለበት፣ ጽሑፉ አጭር የሆነ ይሁን። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። ማንበብ አይጠበቅብሽም። “ውሻው የታለ? ውው ይላል” ብሎ ገጽ መግለጥ ይበቃል። ያንኑ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢያመጣልሽ ሃያ ጊዜ ክፈቺለት።

ስልኩን ሙሉ በሙሉ ጠላት አታድርጊው። አክስቱ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ በኢሞ ስትደውል፣ አያቱ በቪዲዮ ሲያዩት፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ያየዋል፣ ይመልስለታል። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ “አክስቴ በላት” እያልሽ አግዢው። ዩቲዩቡን ደግሞ አብራችሁ አጠር አድርጋችሁ እዩ፣ ባየው ነገር ላይ አውሩበት፣ ከዚያ ይዘጋ።

ወደ ሞግዚቷ ልምጣ። ልጅሽ በሥራ ቀናት ከሁላችሁም በላይ የሚውለው ከእሷ ጋር ነው። ስለዚህ የነገሩ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ነው። ባለቤትሽ ኦሮምኛዋን ታቁም ይላል። አታቁም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ጅማ ያሉ ልጆች ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየሰሙ ያድጋሉ፣ አፋቸውንም በጊዜው ይፈታሉ። አንድ ልጅ መዘግየቱ ሲመዘን በሁለቱም ቋንቋ ያሉት ቃላት አንድ ላይ ይቆጠራሉ። እሷን ጠይቂያት እስኪ። ልጁ ውሃ ሲፈልግ “ቢሻን” ይላል? “ኮቱ” (ና) ሲባል ይመጣል? “አናን” ሲባል ወደ ወተቱ ያያል? አንቺ ያልቆጠርሻቸው ቃላት ይኖሩት ይሆናል። ሐኪሙ ጋ ስትሄጂም እነዚህን ጽፈሽ ውሰጂ።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ባልተመቸው ቋንቋ ሲናገር ትእዛዝ ብቻ ይቀረዋል። “ቁጭ በል”፣ “ተው”፣ “ብላ”። በሚቀናው ቋንቋ ግን ይቀልዳል፣ ይዘፍናል፣ ተረት ያወራል። ሞግዚቷ በኦሮምኛ ታጫውተው። በነፃነት፣ እናንተ ባላችሁበትም ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልንገርሽ። “ስልክ አትስጪው” ብሎ አዝዞ መውጣት ቀላል ነው። ምግብ የምትሠራው እሷ፣ ልብስ የምታጥበው እሷ፣ ቤት የምትወለውለው እሷ ከሆነች ልጁን በምን ዝም ታሰኘው? ስልኩ ብቸኛ ረዳቷ ነው። ሥራ ቀንሺላት። ወጡን ቅዳሜ ሠርታችሁ ፍሪጅ አስገቡ። የልጁ ልብስ በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠብ። ወጥ ቤት ስትገባ ልጁም አብሯት ይግባ፣ ድስትና ማንኪያ ይስጡት፣ የሽንኩርት ልጣጭ ይሰብስብ። ልጁ ጋ ቁጭ ብላ መጫወት ሥራዋ እንደሆነ ንገሪያት። ሥራ ፈታ የተቀመጠች እንዳይመስልሽ የምትሰጋ ሞግዚት ልጅ አታጫውትም። ጉርሻው ላይ ቆም ማለቱን፣ “ካሮት ወይስ ድንች” ማለቱን አንድ ቀን አብረሻት አድርጊ፣ በቃል ብቻ አትንገሪያት። አዲስ ቃል ሲል ወረቀት ላይ ምልክት ታድርግ ወይም በድምፅ ቀርጻ ትላክልሽ። ስታደርገው አመስግኛት።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን በይው። በእንግሊዝኛ ብቻ እናናግረው ማለቱ ለልጁ አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን የሚቆጣው፣ የሚቀልደው፣ የሚያባብለው በየትኛው ቋንቋ ነው? በዚያው ያናግረው። በአማርኛ ሙሉ ወሬ ሲሰማ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ይደርስበታል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚጽፉልኝ ወላጆችም “አማርኛውን እንተውለት?” ይላሉ። ለእነሱም መልሴ አንድ ነው፤ አትተዉ። እናም ባልሽ ማታ ማታ የራሱ ጨዋታ ይኑረው። ትከሻው ላይ አውጥቶ “እንሂድ?” ብሎ ቆም ይበል። “ሂድ” እስኪል ይጠብቅ።

ዘመድ ብዙ ይመክርሻል። ጠበል ይጠመቅ የሚሉሽ ካሉ እምነትሽ ነው፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አያስቀርብሽ። እንጥሉ ይቆረጥ የሚልሽ ካለ ግን እሺ አትበዪ። እንጥል ማስቆረጥ ንግግር አያመጣም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ልጅ ይገድላል። ከምላሱ ስር ያለው ክር ይቆረጥ የሚልም አይጠፋም። እሱ አንዳንድ ድምፆችን ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ልጅን ዝም አያሰኝም። የሚያየውም ሐኪም ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ኬጂው ነው። ለመናገር ብለሽ አታስገቢው። ሠላሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ አንዲት መምህርት ለዝምተኛው ልጅ ጊዜ አይኖራትም። ዝም ያለ ልጅ አይረብሽም፣ ስለዚህ ይረሳል። የሰፈር ልጆች ይሻሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ጊቢ ውስጥ አውርጂው፣ የዘመድ ልጆች ቤትሽ ይምጡ። ዴይኬር የግድ ካስፈለገሽ ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጪ። ለአንድ ተንከባካቢ ስንት ልጅ ነው? ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው? ልጆቹን ቁጭ ብለው ያናግሯቸዋል ወይስ ከላይ ሆነው ይጮሁባቸዋል? አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሴቶች አሏት፤ እነሱንም ወረዳሽ ጠይቂ።

የጆሮው ውጤት ደህና ከሆነና ልጁ 2 ዓመት ተኩል ሲሞላው ሁለት ቃል ማገጣጠም ካልጀመረ፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዢ። ባለሙያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ወረፋው ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሕፃናት ሐኪሙ ሪፈሩን አሁኑኑ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ ልጁ እስከዚያ ከተናገረ ቀጠሮውን መሰረዝ ትችያለሽ። ስትሄጂ ሞግዚቷንም ይዘሻት ሂጂ። የኬጂውን መመዝገቢያ ግን የጆሮውና የንግግሩ ውጤት እስኪታወቅ አትክፈይ።